ውሃ በሌለበት አገር የውሃ ሥራ

ላስ ቬጋስ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል፤ ከእነዚህም ዘጠኙን ያሳለፍኩት ታክሲ በመንዳት ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ሆቴሎቹ፣ ከሆቴሎቹ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስመላለስ የነዳሁት መንገድ ቢደመር ምድርን ደጋግሞ የሚዞር ቢሆንም፣ ከከተማው ወጥቼ ለራሴ ብዬ የነዳሁባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ተሳፋሪዎቼ «ቫሊ ኦፍ ፋየርን አይተኸዋል? ብራይስ ካንየንስ እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ አንድም ቀን ሳልረግጣቸው «በጣም ያምራሉ» ብዬ የመለስኩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይህ ውሸት ሰለቸኝና የአምስት ቀን እረፍት ወስጄ፣ የአሮጌዋን ካምሪዬን ጎማና ዘይት አስፈትሼ፣ ሃያ ሊትር ውሃ፣ አንድ ኪሎ በሶና ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ድንኳን ጭኜ ብቻዬን ወጣሁ።

በእኛ ሰው ዘንድ «ብቻዬን» የሚለው ቃል ማብራሪያ የሚጠይቅ ነው። ተራ ስንጠብቅ ወሬውን የሰሙ የሥራ ጓደኞቼ በኑሮዬ ወይም በጤናዬ ላይ አንድ ነገር የደረሰ መስሏቸው ዙሪያውን እየዞሩ ጠየቁኝ። እናቴ ግን መዞር አታውቅም።

«ከማን ጋር ነው የምትሄደው?» አለችኝ በስልክ።

«ብቻዬን ነው፣ እማዬ።»

«ምነው፣ ሰው ጠፋ?»

«ሰውማ አልጠፋም። በእግሬ እየተጓዝኩ ድንጋይ ለማየት ብዬ ነው።»

«ድንጋይ? ድንጋይ ለማየት ነዳጅ ታቃጥላለህ? ድንጋይማ እዚህ ሞልቶልህ የለም እንዴ!»

እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ ቤቱም አጥሩም ከድንጋይ በሚሠራበት አገር ለኖረ ሰው ነገሩ ቢገርም አይፈረድበትም።

ለእሷ ያልነገርኳት ግን አንድ የቆየ ዕዳ ነበረብኝ። ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አርባ ምንጭ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ከፈተናዎቼ በአንዱ «በበረሃማ አካባቢ የዐለት ቅርጾችን በዋናነት የሚሠራው ምንድን ነው?» የሚል የምርጫ ጥያቄ አውጥቼ ነበር፤ በእኔ ደብተር ላይ መልሱ «ነፋስ» ነው። ከኮንሶ የመጣ አንድ ተማሪ «ጎርፍ» የሚለውን መርጦ ሁለት ማርክ ስለተቀነሰበት ወረቀቱን ይዞ መጣና «ቲቸር፣ ገሰርጊዮን የሠራው ጎርፍ ነው» አለኝ። ገሰርጊዮ በኮንሶ የሚገኝ፣ ዝናብ አፈሩን እየቦረቦረ ረጃጅም ሹል ዓምዶችን ያቆመበት ገደል ሲሆን፣ ከሩቅ ለሚያየው የፎቅ ጫካ ስለሚመስል «ኒው ዮርክ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተማሪዎች ይዤ ሄጄ ያየሁት ቦታ ነው። ያም ሆኖ «ገሰርጊዮ በረሃ አይደለም፤ የተጠየቅከው ስለ በረሃ ነው» ብዬ መለስኩት። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። እዚህ መጥቼ በረሃ ውስጥ መኖር ከጀመርኩ በኋላ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደራሽ ጎርፍ የመኪና መንገድ ሲዘጋብኝ ያ ልጅ ደጋግሞ ትዝ ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያው መድረሻዬ ከላስ ቬጋስ በስተሰሜን ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ቫሊ ኦፍ ፋየር ነበር። ከኔቫዳ ግዛት ፓርኮች ሁሉ አንጋፋው እሱ ሲሆን በይፋ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በበጋ ሙቀቱ ሰው ስለሚገድል ከእግር መንገዶቹ በርካቶቹ ይዘጋሉ፤ በጥቅምት ግን ከሰዓት በፊት ያለው ፀሐይ የሚቻል ነው። ግራጫው ተራራ እንደታለፈ መሬቱ በድንገት ይቀላል። ቀለሙን የሰጠው በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል የገባ የብረት ዝገት ነው፤ በከርሰ ምድር ሲተላለፍ የኖረ ፈሳሽ ዝገቱን አጥቦ በወሰደበት ደግሞ ድንጋዩ ነጭ፣ ቢጫና ሮዝ ሆኗል። ፋየር ዌቭ የሚባለው ቦታ ላይ ቀዩና ነጩ ጥለት ሆነው እግር ሥር ይተጣጠፋሉ።

ወደ አንዱ ግድግዳ ተጠግቼ ስመለከት በድንጋዩ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች አግድም አልተኙም፤ አንዱ ረድፍ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ከእሱ በላይ ያለው ደግሞ ወደ ግራ። እንዲህ ያለ መስመር የሚፈጠረው ነፋስ የአሸዋ ክምርን እየገፋ በአንዱ ላይ ሌላውን ሲደርብ ነው። ይህ ሁሉ ዐለት ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ የሚንቀሳቀስ የአሸዋ ባሕር ነበር። «ነፋስ!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ በአካባቢው የሚሰማኝ ሰው ስላልነበረ አላፈርኩም።

ደስታዬ እስከ ማውስስ ታንክ ድረስ ብቻ ነው የቆየው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ደርሶ መልስ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በግራና በቀኝ ባሉት የጠቆሩ ዐለቶች ላይ ጥንት በዚያ ያለፉ ሰዎች የፈለፈሏቸው ቀንዳም በጎች፣ ጠመዝማዛ መስመሮችና እጅ ለእጅ የተያያዙ የሚመስሉ ሰዎች ይታያሉ። በመጨረሻው ላይ ዐለቱ መሐል የተቦረቦረ ጋን የሚያህል ጉድጓድ አለ፤ ከዘነበ በኋላ ለረጅም ጊዜ ውሃ ይይዛል። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ከሕግ ሸሽቶ በዚህ ውሃ እየኖረ ተደብቋል ከሚባለው «አይጥ» (ማውስ) የተሰኘ፣ ከአካባቢው ነባር ሕዝብ ከፓዩት ወገን የሆነ ሰው ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግርጌው ላይ አረንጓዴ ውሃ ነበር፤ ከላይ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ቦይ ደግሞ እጅ እንደዳበሰው ወፍጮ ለስልሷል። ቀና ስል ሸለቆው በሙሉ፣ የመጣሁበት አሸዋማ መንገድ ሳይቀር፣ የጎርፍ መውረጃ መሆኑ ገባኝ። አሸዋውን ያከማቸው ነፋስ ነው፤ አሁን እየፈታ የሚወስደው ግን ሌላ ነው።

በመንገዴ ላይ ያለውን ታዋቂውን የዛየን ብሔራዊ ፓርክ አለፍኩት። የመኪናው ሰልፍ ከበሩ ጀምሮ ስለሚታይ፣ ሰልፍ ደግሞ የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ፣ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ ብዬ ቀጥታ ወደ ብራይስ ነዳሁ። ከኔቫዳ ወደ ዩታ ሲገባ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ይሄዳል፤ ይህን ረስቼ የእንግዳ ማረፊያው እንግዳ መቀበያ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ።

ብራይስ ካንየን በስሙ ካንየን ይባል እንጂ አንድ ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ አይደለም። ከከፍታው ጠርዝ ላይ ሲታይ በግማሽ ክብ የተቦረቦረ ሰፊ ጎድጓዳ ሲሆን፣ በውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ብርቱካናማ፣ ሮዝና ነጭ ዓምዶች ቆመዋል፤ እዚያ ያሉ ሰዎች «ሁዱ» ይሏቸዋል። ጠርዙ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከአዲስ አበባ ጋር የሚቀራረብ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቆላ የኖረው ሳንባዬ ግን ይህን አላስታወሰም። በናቫሆ መንገድ ወርጄ በኩዊንስ ጋርደን በኩል ስመለስ፣ አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ጉዞ፣ አንዲት ጸጉሯ የነጣ ፈረንጅ በትር ይዛ ደጋግማ ቀደመችኝ፤ በሦስተኛው ላይ «ደህና ነህ?» ብላ ጠየቀችኝ። የደጋ ልጅ ነኝ ብዬ ማስረዳት በማይቻልበት ሁኔታ ላይ ስለነበርኩ በአውራ ጣቴ መለስኩላት።

መንገዱን የጀመርኩት ፀሐይ ሳይወጣ ነበር፤ ሌሊቱን ብርዱ ከዜሮ በታች ወርዶ አድሯል። መውረድ እንደጀመርኩ ከጎኔ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በአንድ ስንጥቅ ውስጥ፣ እንደ ቢላዋ ስለት የቀጠነ በረዶ አየሁ። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የዘነበው ዝናብ ወደ ውስጥ ሰርጎ ቀርቶ ነው። ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላስታውስም፤ ስንጥቅ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ስታርፍ በረዶው ያብረቀርቅ ጀመር፤ ቀጥሎ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያም ከስንጥቁ አፍ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ድንጋይ ተላቅቆ እግሬ ሥር ወደቀ። ያ ብቻ ነው። በብራይስ ሌሊት መርጋት ቀን መቅለጥ በዓመት ከ150 ቀን በላይ ይፈራረቃል፤ እንዲህ ባቄላ ባቄላ እየተለቀመ ግድግዳው መስኮት ይሆናል፣ መስኮቱ ሲደረመስ ዓምዱ ብቻውን ይቆማል፣ ዓምዱም በተራው ይወድቃል። የላይኛው ንብርብር ከሥሩ ካለው ጠንከር ያለ ሲሆን ደግሞ እንደ ባርኔጣ ሆኖ ዓምዱን ከዝናብ ስለሚከልለው ዕድሜውን ያራዝምለታል።

የፓዩት ሕዝብ በጥንት ተረታቸው እነዚህ ዓምዶች ክፉ ሥራ በመሥራታቸው ኮዮቴ የተባለው ብልጥ አውሬ ወደ ድንጋይ የለወጣቸው ሰዎች ናቸው ይላሉ። በኮንሶም ስለ ገሰርጊዮ የሚነገር ተረት አለ፤ የተሰረቀ ከበሮ ተቀብሮ ስለነበር ፈጣሪ እሱን ለማውጣት መሬቱን ቆፈረው ይባላል። ለእኔ የኮንሶው ይበልጥብኛል፤ ቢያንስ አንድ ነገር ተቆፍሮ መወሰዱን ያምናል። የቀረውን ዓምድ እያየን የሄደውን አፈር እንረሳለን እንጂ፣ ሥራው ያለው የሄደው ላይ ነው።

ከብራይስ ወደ ምሥራቅ የሚያልፈው 12 ቁጥር መንገድ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ከኤስካላንቴ ከተማ አልፎ አንድ ቦታ ላይ አስፋልቱ በቀጭን ጉብታ ጀርባ ላይ ይሄዳል፤ በሁለቱም ወገን ገደል ነው፣ የብረት አጥር የለውም፤ ሙያዬ መንዳት ሆኖ ሳለ እጄ መሪው ላይ አልቦታል። ካፒቶል ሪፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሞርሞን እምነት ተከታይ ሰፋሪዎች ከተከሏቸው የፍራፍሬ ዛፎች ቅሪት አንድ ፖም በላሁ። ሃንክስቪል ስደርስ ነዳጅ ሞላሁ፤ እዚያ ያለው ማደያ ሱቁ ዐለት ተፈልፍሎ ነው የተሠራው። እኛ ዐለት ፈልፍለን ቤተ ክርስቲያን እናንጻለን፣ እነሱ ደግሞ ድንች ጥብስና የሞተር ዘይት ይሸጡበታል። ሒሳብ ስከፍል ለሻጯ ስለ ላሊበላ ልነግራት ከጅሎኝ ነበር፤ ከኋላዬ ሰው ስለነበረ ተውኩት።

ጎብሊን ቫሊ የደረስኩት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ጎብሊን በፈረንጆች ተረት ውስጥ ያለ ድንክ ጋኔን ነው፤ እኔ ግን ከመመልከቻው መጠለያ ሆኜ ቁልቁል ሳይ የታየኝ የለቅሶ ቤት ነበር። ቡናማ ጋቢ ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እስከ ዓይን ማረፊያ ድረስ የተቀመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች። አንዳንዱ ከእኔ ያጥራል፣ አንዳንዱ የሁለት ፎቅ ቁመት አለው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀጭን አንገትና ከአንገቱ የሚበልጥ ጭንቅላት አለው።

ድንጋዩ ኤንትራዳ በሚል ስም የሚታወቅ ሲሆን፣ ከ170 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በጥንታዊ ባሕር ዳርቻ የተነጠፈ ነው። አሸዋው ሲደድር ጠንካራ ንብርብር ሆነ፣ በመካከሉ የገባው ደቃቅ ጭቃ ግን ልል ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያ ዐለቱ በስንጥቆች ተከፋፍሎ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለመረዳት አሞሌ ጨው ማስታወስ በቂ ነው። መንዝ ሳለን አያቴ ለከብት የሚያስቀምጡት አሞሌ፣ ላም ስትልሰው መጀመሪያ የሚጠፋው ማዕዘኑ ነበር፤ ምክንያቱም ፊቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲላስ ማዕዘኑ በሦስት ይላሳል። ጥቂት ቀን ሲቆይ አሞሌው እንቁላል ይሆናል። የጎብሊኖቹ ክብ ራስ የመጣው እንዲሁ ነው።

በዚህ ሸለቆ ውስጥ ምልክት የተደረገበት የእግር መንገድ የለም፤ ሰው እንደፈለገ በመካከላቸው ይዞራል። ድንጋዮቹን መግፋት ግን ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ስካውት ልጆችን ይዘው የመጡ አዋቂዎች አንዱን ጎብሊን ገፍተው ጥለው፣ ሲጨፍሩም ራሳቸውን በቪዲዮ ቀርጸው፣ ለልጆች አደጋ ስለሆነ ነው ቢሉም ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ያን ቪዲዮ ያኔ አይቼው ስቄ ነበር። ቦታው ላይ ቆሜ ሳስታውሰው ግን አንድም የሚያስቅ ነገር አጣሁበት።

አለመጠን በራስ መተማመን የታየብኝም እዚያው ነው። ስወርድ እንስራ ያዘለች ሴት የምትመስል ድንጋይ ምልክት አድርጌ ያዝኩ፤ እሷን ካገኘሁ መኪናዬን አገኘሁ ማለት ነው አልኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በደስታ ስዞር ቆይቼ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ስመለስ እንስራ ያዘለች ሴት የለችም። የረሳሁት ነገር ቀላል ነው፤ እኔ ያየኋት ከፊት ነበር፣ አሁን የምመጣው ከጀርባዋ ነው፣ ከጀርባ ደግሞ እሷም እንደሌሎቹ ጋቢ የለበሰች ሽማግሌ ናት። ስልኬ መረብ የለውም። ለሃያ ዓመት ካርታ አነባለሁ ስል የኖርኩ ሰው፣ ከመኪናዬ ምናልባት አምስት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ሆኜ፣ ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ የአፈር ጉብታ ላይ ወጥቼ ቆሜ ጠበቅሁ፤ የሚደርስ መኪና መብራት ከበስተግራዬ፣ ጨርሶ ባልጠበቅሁት አቅጣጫ፣ ብልጭ አለ። ብቻችሁን የምትሄዱ ከሆነ በየአምስት ደቂቃው ዞር ብላችሁ የምትመለሱበትን ፊት እዩ፤ ቢቻል ፎቶ አንሱት።

ያን ሌሊት በድንኳኔ ደጃፍ በሶ በጥብጬ ጠጥቼ ሰማዩን አየሁ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በጨለማ ሰማዩ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያገኘ ነው፤ ከላስ ቬጋስ ለመጣ ሰው መብራት የሌለበት ሰማይ ምን ያህል የሞላ እንደሆነ ለመግለጽ አልሞክርም።

በማግሥቱ ሐሳቤ በአቅራቢያው ያለውን ሊትል ዋይልድ ሆርስ የሚባለውን ጠባብ የዐለት ስንጥቅ መሻገር ነበር። ትከሻ እስኪነካ ድረስ የሚጠብ ቦታ ስላለው፣ በላይኛው አገር ዝናብ ከዘነበ እዚህ ፀሐይ እያለ እንኳ ደራሽ ውሃ ሊሞላው ይችላል። የፓርኩ ጠባቂ ወደ ምዕራብ ያለውን ጥቁር ደመና በአገጩ አሳየኝና «ዛሬ ባትገባ ይሻላል» አለኝ። አልተከራከርኩም፤ ከዚህ በፊት ስለ ጎርፍ የተከራከርኩት ይበቃኛል።

ወደ መመልከቻው መጠለያ ተመልሼ እንደተቀመጥኩ ዝናቡ ሸለቆው ላይ ደረሰ። ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ነው። መጀመሪያ ጎብሊኖቹ ጠቆሩ፤ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ራስ ላይ ውሃው ተሰብስቦ በጠርዙ ዙሪያ መንጠባጠብ ጀመረ። ሲያባራ ወደ አንዱ ተጠጋሁ። ጠብታው ከባርኔጣው ጠርዝ ላይ አይወድቅም፤ ጠርዙን ይዞ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በአንገቱ ላይ ይወርዳል፤ በወረደበትም ልሉን ጭቃ ይዞ፣ ቡና ከወተት የተቀላቀለ መስሎ፣ እግሩ ሥር ይደርሳል። እዚያም ጣት የምታህል ደለል ትጠብቀዋለች። ነገ ደርቃ ዱቄት ስትሆን ነፋስ ያነሣታል። ነፋስ ሥራ የለውም አልልም፤ ፍርስራሹን የሚጠርገው እሱ ነው። ሕንጻውን የሚያፈርሰው ግን፣ በዓመት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ብቻ ብቅ የሚለው ውሃ ነው። ዛፍ የለ፣ ሣር የለ፣ ሥር አፈሩን አልያዘው፤ ስለዚህ የመጣችው ጥቂት ዝናብ ከብዙ ዝናብ ይልቅ ትቆርጣለች። ጫማዬ በሁለት ጣት ጭቃ ከብዶ፣ እንደ ተማሪ ጎንበስ ብዬ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም።

ስመለስ በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና መጣሁ። ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና ድረስ 177 ኪሎ ሜትር ያህል ማደያም፣ ሱቅም፣ መንደርም የለም፤ አቅጣጫዬ ባይሆንም ወደ ግሪን ሪቨር ወጣ ብዬ ታንኩን ሞልቼ ነው የተነሣሁት። ላስ ቬጋስ የገባሁት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። በማግሥቱ ሥራ ስለነበረብኝ ካምሪዬን በዚያው ወደ እጥበት ቤት ወሰድኳት። የውሃውን ጎማ ይዤ ከጣራዋ ስጀምር ቀይ ውሃ በመስታወቱ ወርዶ፣ የበሩን ጠርዝ ይዞ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ሲሚንቶው ላይ ቀጭን ቦይ አበጅቶ ወደ ፍሳሹ ሄደ። ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኩት። የድሮ ተማሪዎቼ ቡድን በቴሌግራም ስላለ፣ የኮንሶውን ልጅ (አሁን እሱም የልጆች አባት ነው) ፈልጌ በግል ላክሁለት፤ ከጎብሊኑ አንገት የቀረጽኩትንም ጨመርኩበት። «የፈተናውን ጥያቄ ታስታውሰዋለህ?» ብቻ ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ የደረሰኝ በማግሥቱ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው ተራ ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው።

«ቲቸር፣ እንደምን አደሩ? ሁለቱን ማርክ የሚጨምሩልኝ ከሆነ ወረቀቱ እናቴ ቤት አለ።»